ያልተሰማው እንደምን አደሩ

ቡታጅራ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሰብለ፣

የጌታ ሰላም ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስሽ። ከቡታጅራ ተነሥቶ ዮርዳኖስ አገር አማን እስኪገባ ስንት ባሕርና ስንት በረሃ እንደሚያቋርጥ አላውቅም፤ ብቻ በደህና ይግባልሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጄ ያሬድ ደህና ነው፣ ሚስቱ ሙሉመቤት ደህና ናት፣ እንጨት ቤቱም ሥራ አላጣም።

አጎቴ በዚህ ዘመን ምን ነክቶት ወረቀት ያዘ ብለሽ ትገረሚ ይሆናል። ባለፈው ስትደውዪ ያሬድ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ቢያስጠጋልኝ "እሺ፣ እሺ" እያልኩ መለስኩልሽ እንጂ አንድም ቃል አልሰማሁም። ምን ብለሽኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። አርባ ዓመት ከመሰንጠቂያው ማሽን አጠገብ ስቆም ድምፁ ጆሮዬን ቀስ በቀስ በላው። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ጠፋኝ፤ ቀጥሎ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ፤ አሁን ደግሞ የሰው ንግግር። ቴሌግራም በሚሉት እንጻጻፍ እንዳልል እሱ ያለው ያሬድ ስልክ ላይ ነው። የምንጽፈው ሁሉ በእሱ ዓይን እንዲያልፍ አልፈለግሁም። የሚደበቅ ነገር ኖሮ አይደለም። እንዲሁ ነው።

መልስሽን በቤተ ክርስቲያናችን የፖስታ ሣጥን ላኪልኝ፤ ጸሐፊው በእጄ ይሰጠኛል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እዚያ አገር ጆሮ ላይ የሚሰካ መስሚያ ሞልቷል ይላሉ። እንዴት እንደሚገኝ እስቲ ጠይቂልኝ። ውልሽስ መቼ ነው የሚያልቀው? ከወጣሽ ስድስት ዓመት ሞላሽ።

በጸሎትሽ አስቢኝ።
አጎትሽ ታምሩ


አማን፣ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ታምሩ፣

ጌታ ዘመንዎን ያለምልም፤ ቤትዎን በሰላሙ ይሙላ። ደብዳቤዎ ከሁለት ወር በኋላ እጄ ሲገባ የማን ጽሑፍ እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ በእርስዎ ቤት ስምንት ዓመት ስኖር ያየሁት ጽሑፍዎ ጣውላ ላይ በእርሳስ የሚያኖሩት ልኬት ብቻ ነው። ሰብለ ብለው ሲጽፉ እንዴት እንደሚሆን ያየሁት አሁን ነው።

የጆሮዎን ነገር ስሰማ አዘንኩ። መስሚያውን ጠየቅሁልዎ፤ አስቀድሞ ሐኪም ጆሮዎን ይለካና ወረቀት ይስጥ አሉኝ። ተለክተው ወረቀቱን ቢልኩልኝ የቻልኩትን አደርጋለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ቤቱ ጥሩ ነው፤ ማዳም ሰላማዊ ሴት ናት፤ ምግብም ልብስም አልጎደለብኝም። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስለምትለቀኝ ከአገራችን ልጆች ጋር አንዷ ቤት ተሰብስበን እንዘምራለን፣ እንጸልያለን።

ስለ መምጣቴ ለጠየቁኝ ገና አልወሰንኩም። ውሉን አሳድሼ ልቆይ ይሆናል። እዚያ መጥቼስ የት አርፋለሁ? ጌታ ያውቃል።

ስለ ሙሉመቤት ግን ብዙ አልጻፉልኝም። ያሬድ ሲያገባት ስላልነበርኩ በስልክ ብቻ ነው የማውቃት። ምን ዓይነት ሰው ናት? ትጫወታላችሁ?

አክባሪዎ ሰብለ


ቡታጅራ፣ መጋቢት 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለ፣

እግዚአብሔር በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ። ደብዳቤሽን አንብቤ ሳምንት ያህል በኪሴ ይዤው ዞርኩ። "ትጫወታላችሁ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። "አዎ" ብዬ ልጽፍልሽ ብዕር አንሥቼ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ።

አንጫወትም። በዚህ ቤት እኔን የሚያጫውት ሰው የለም። ክፉ ሆነውብኝ አይደለም፤ ይመግቡኛል፣ ልብሴ ታጥቦ ተተኩሶ አገኘዋለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ለማይሰማ ሰው የሚጮኸው የግድ የሆነው ብቻ ነው። "ብላ!" "ና!" "ዝጋው!" "ተነሥ፣ ዝናብ መጣ!" ጉሮሮውን አውጥቶ "እንዴት ዋልክ" ብሎ የሚጮህ ሰው አላየሁም። መልካም ቃል በባሕርዩ ቀስ ተብሎ የሚነገር ስለሆነ፣ ጆሮ ሲጠፋ ከሁሉ ቀድሞ የሚያመልጠው እሱ ነው። ደግሞም ሰው ሲጮህ ፊቱ የተቆጣ ሰው ፊት ነው። ቃሉን ስለማልሰማ ለእኔ የሚደርሰኝ ቁጣው ብቻ ሆነ። ያሬድ ደንበኛ ፊት "ተወው!" ብሎ መሮውን ከእጄ ከወሰደብኝ ወዲህ እንጨት ቤት መግባት ትቻለሁ።

ከቤተ ክርስቲያን ጉባኤም ቀርቻለሁ። ሽማግሌ ተብዬ ፊት እቀመጥ ነበር፤ ሰው ሲነሣ እነሣለሁ፣ ሲቀመጥ እቀመጣለሁ። አንድ እሑድ ለጸሎት ሁሉም ዓይኑን ሲጨፍን እኔም ጨፈንኩ። ስገልጥ አዳራሹ ባዶ ነው። ተመስጦ ላይ ነው ብለው ትተውኝ ሄደዋል መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም።

አሁን የባሰ ነገር አየሁ። ባለፈው ሳምንት ያሬድና ሙሉመቤት ጓሮ ቆመው ሲነጋገሩ አፋቸውን ተመለከትኩ። ሁለት ጊዜ "ጉንችሬ" አሉ። ወንድሜ ያለው ጉንችሬ ነው፤ እዚያ እርሻ ላይ ሊጥሉኝ ነው። ሙሉመቤት ወደ እኔ ስትዞር አፏን ዘጋች። ጠዋት ጠዋት በአጠገቤ ስታልፍ ሰላም የማትለኝ ለዚህ ኖሯል።

መስሚያውን ተይው። ሐኪሙ ነርቩ ስለሞተ አይረዳህም ብሎ ጽፎልኛል። አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ለያሬድ እንዳትነግሪ።

አጎትሽ ታምሩ


አማን፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ነገ ወደ አገር ለምትገባ ልጅ ስለምሰጣት ባጭሩ እጽፋለሁ።

እባክዎ ምንም ነገር ከማድረግዎ በፊት ያሬድን በአፍዎ ይጠይቁት። ጆሮዎ እንጂ አንደበትዎ አልተዘጋም። ያዩት አፍ ነው፤ ያልሰሙትን ቃል አይፍረዱበት።

ሁለተኛው ነገር፣ እኔም ዋሽቼዎታለሁ። ቤቱ ጥሩ ነው ያልኩት እውነት ነው፤ አይመቱኝም፣ አያስርቡኝም። ግን የሚነገሩኝ ቃላት ይቆጠራሉ። አምጪ፣ ውሰጂ፣ ጥረጊ፣ ቶሎ በይ፣ ለምን። ስሜንም አይጠሩኝም። ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ሱዛን ትባል ነበርና እኔንም ሱዛን ይሉኛል፤ ይህ ለስድስት ዓመት ነው። እርስዎ የጻፉትን ሳነብ የማይሰሙት እርስዎ ሆነው ሳለ ስለ እኔ የጻፉ መስሎኝ ወረቀቱ ላይ አለቀስኩ። ቋንቋ የማያውቅ ሰውም ደንቆሮ ነው፤ ለእሱም የሚነገረው የግድ የሆነው ብቻ ነው።

ስለዚህ ብቻዎን አይደሉም ለማለት ነው። ለያሬድ አልነገርኩም። ግን ይጠይቁት።

ሰብለ


ወልቂጤ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሰብለ፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። ሞትን ያሸነፈው ጌታ ያለሽበትን ቤት ይጎብኝ። የምጽፍልሽ ከወልቂጤ ነው። ደብዳቤ ልከሽልኝም ከሆነ ቡታጅራ ቀርቷል፤ አላየሁትም።

ከቤት ወጥቻለሁ። እንደ ዕቃ ተጭኜ ጉንችሬ ከምወርድ በራሴ እግር ልውጣ ብዬ አንድ ጠዋት ሁለት ቅያሪ ልብስ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለያሬድ "ለጥቂት ቀን ሄጃለሁ" የሚል ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተውኩለት፤ የት እንደሆነ አልጻፍኩም። ወልቂጤ የማውቀው ሰው ሀቢቡን ብቻ ነው። አንቺ ወደ ቤታችን ከመምጣትሽ በፊት እኔ ዘንድ አናጢነት የተማረ የቆሼ ከተማ ሰው ነው፤ ዛሬ ሰባት ሠራተኛ ያሠራል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ በሩ ላይ ስደርስ ፈራሁ። እኔ ዘንድ ሳለ የሠራውን በርጩማ ጠመመ ብዬ ገበያተኛ ፊት በእግሬ ሰብሬበት አውቃለሁ። እሱ ግን ከሥራው ተነሥቶ መጣና ሁለት እጄን ይዞ ትከሻዬን ሳመኝ። ጆሮዬን ጠቆምኩት። ምንም ሳይጮህ ቁራጭ ጣውላ አነሣና በእርሳስ "ቤትዎ ነው ጋሼ" ብሎ ጻፈ። ሚስቱ ሳሌሃ ክፍል ለቀቀችልኝ። ከትላንት በስቲያ ለፋሲካ፣ እነሱ ያረዱትን እንደማልበላ ስለሚያውቁ፣ ክርስቲያን ጎረቤታቸው ዶሮ አሳርዳ እንድትሠራልኝ አድርገው ከፊቴ ቁጭ ብለው አስበሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ነው፤ ስለ በርጩማው ይቅርታ ልጠይቀው ጀመርኩ። እጁን አወዛወዘብኝና ጣውላው ላይ ጻፈ። "ጣቴ የተቆረጠ ዕለት ያሉኝን ያስታውሳሉ?" አላስታውስም አልኩት። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ደሙን በራስዎ ሸሚዝ አሰሩልኝና 'አይዞህ ልጄ፣ እኔ አለሁ' አሉኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ ልጄ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። ሙያውን ጥዬ አገሬ ልገባ ነበር። የቀረሁት በዚያች ቃል ነው።"

ሰብለ፣ የሰበርኩትን በርጩማ አስታውሳለሁ፤ ይህችን ቃል ግን አላስታውሳትም። እኔ ጥዬያት የሄድኩትን እሱ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሮባታል።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል ሌላ ለማን እንደተናገርኩ እያሰብኩ ነው። በእሑድ የምዘምርበት አፍ ሰኞ ምን ሲያደርግ እንደኖረ አሁን ነው የታየኝ። ለያሬድ ፈልጌ አጣሁ። ለአንቺም ፈልጌ አጣሁ። ለአንቺ የማስታውሰው ሌላ ነው። የሄድሽ ዕለት መኪናው በር ላይ ቆሞ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ እያዩ፣ ልትሰናበቺኝ ስትጠጊኝ "ሂጂ፤ ቤቱም ይሰፋል" አልኩሽ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። አንቺም ቀና ብለሽ ሳታዪኝ ገባሽ።

መሄድሽ አናዶኝ ነበር ብዬ ማመካኘት እችላለሁ። እንዳትሄጂ መለመን ስላቃተኝ ነው። ከልብ የወጣ አልነበረም፤ ግን ከአፌ ወጥቷል፤ አንቺም የሰማሽው እሱን ነው። ይቅር በይኝ ልጄ። መልስ ባትጽፊልኝም አልቀየምሽም።

ታምሩ


ቡታጅራ፣ ሰኔ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሰብለ፣

የምሕረት አምላክ ይጠብቅሽ። ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። ያሬድን ጠይቀው ያልሽው ደብዳቤም እዚህ ቆይቶ አገኘሁት፤ ሱዛን ይሉኛል ያልሽውን ሳነብ ሌላውን ለማንበብ ዓይኔ ተጋረደ። ለወልቂጤው ደብዳቤዬ ግን መልስ አልመጣም። አልጠይቅሽም። የሆነውን ብቻ ልንገርሽ።

እኔ ከወጣሁ ወዲህ ያሬድ ጉንችሬ ድረስ ሄዶ ወንድሜን ጠይቋል፣ ቸሃ ያሉትን ዘመዶች ሁሉ አዳርሷል። ሀቢቡ እኔ ሳላውቅ ደውሎ ነገረው። አንድ ቀን ሀቢቡ እንጨት ቤት ተቀምጬ የወንበር እግር ስጠርብ ከእግሬ ሥር የወለሉ መንቀጥቀጥ ቆመ። ማሽኑ ጠፍቷል ማለት ነው። ቀና ስል ያሬድ ፊቴ ቆሟል። ከስቷል። ሀቢቡ እርሳስ ሰጠው። ልጄ ጣውላው ላይ "አባዬ፣ ምን አደረግንህ?" ብሎ ጻፈ።

ደብዳቤሽን ገና ሳላየው፣ ልክ አንቺ እንዳልሽው በአፌ ጠየቅሁት። ጉንችሬ ልትጥሉኝ አላሰባችሁም ወይ አልኩት። አልካደም። አዎ ተነጋግረንበት ነበር ብሎ ምክንያቱን ረጅም አድርጎ ጻፈልኝ። ከእነሱ ጋር መኖር ያስጠላኝ መስሏቸው ነበር። ሲያናግሩኝ ፊቴን አዞራለሁ፣ ከእንጨት ቤት ቀርቻለሁ፣ ጉባኤም ትቻለሁ፤ ስለዚህ ከወንድሙ ጋር ቢሆን ይሻለው ይሆን ወይ ተባብለዋል። ልትወስኑልኝ ሳይሆን ልትጠይቁኝ ይገባ ነበር ብዬዋለሁ፤ እሱም አምኗል።

ቤት ስንደርስ ሙሉመቤት በር ላይ ጠበቀችኝ። ከዚያ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ደብተር አውጥታ የጻፈችውን ሰጠችኝ። ወረቀቱ አሁንም ከእኔ ጋር ነው፤ ቃሉን እንዳለ ልገልብጥልሽ። "አባባ፣ ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጠው ከኋላዎ ሳልፍ 'እንደምን አደሩ' እያልኩ ነው ያለፍኩት። አንድ ቀን እንኳ አልመለሱልኝም። ጠልተውኛል ብዬ ተውኩት።"

ሰብለ፣ ከኋላዬ ነበር የምትለኝ። እኔ ሰላምታ ነፈገችኝ እያልኩ በሆዴ ስከሳት፣ እሷ ሰላምታዬን ናቀብኝ እያለች ስታለቅስ፣ ሁለታችንም አንድ ቤት ውስጥ ከርመናል። ጆሮዬ ምን ያህል እንደሞተ ከአንቺ በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አፍሬ "እሺ፣ እሺ" እያልኩ ነበር የማልፈው። ትንሽ ጮክ ከተባለ ከኋላም የሚሰማኝ መስሏት ነው። "እንደምን አደርሽ ልጄ" አልኳት እዚያው፣ ቀኑ ረፍዶ ሳለ። ሳቀች፤ እያለቀሰችም ነበር።

ያሬድን ለብቻው ይዤው እንጨት ቤቱ ገባሁ። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ስለጮህኩበት፣ ደንበኛ ፊት ስላዋረድኩት ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱም መሮውን ስለቀማኝ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጻፈ፤ "እዚህ ቤት ውስጥ ሌላ ዓይነት አነጋገር ሰምቼ ስለማላውቅ ነው" ይላል። አልተቆጣሁም። እውነት ነው።

አሁን ሙሉመቤት ጠዋት መጀመሪያ ትከሻዬን ትነካና በፊት ለፊቴ ዞራ ትመጣለች፤ ከዚያ በኋላ ነው አፏን የምትከፍተው። ያሬድም የሚነግረኝ ነገር ሲኖረው ማሽኑን ያጠፋል። ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። ለእኔ ግን በቅቶኛል። እሑድ ጉባኤ ተመልሻለሁ፤ ሙሉመቤት አጠገቤ ተቀምጣ የሚነበበውን ክፍል በጣቷ ታሳየኛለች፣ "አሜን" ሲባል ክንዴን ትነካኛለች።

ታምሩ


አማን፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ታምሩ፣

የዘመናት ባለቤት አዲሱን ዓመት የዕረፍት ያድርግልዎ። ደብዳቤ በማዘግየቴ ይቅርታ አልልም፤ ምክንያቱን ልንገርዎ።

የወልቂጤው ደብዳቤ የደረሰኝ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። አንብቤ አጠፍኩትና ልብሴ ሥር አስቀመጥኩት። ደስ አላለኝም። እንዲያውም ተናደድኩ። ያችን ቃል እርስዎ የረሷት ይመስለኝ ነበር፤ እንደሚያስታውሷት ሳውቅ ባሰብኝ። አጎቴ፣ ስለ አገሬ ባሰብኩ ቁጥር ከተራራውም ከሰዉም በፊት የምትመጣው እሷ ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት ልመጣ ትኬት ተቆርጦልኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ዕቃዬን አሥሬ ሳለ "ቤቱም ይሰፋል" የሚለው ትዝ አለኝና ማዳምን ውሉን አድሽልኝ አልኳት።

ሰኔ ላይ የጻፉትም ደረሰኝ። ስለ ሙሉመቤት ሳነብ ደስ አለኝ፤ ለራሴ ግን ገና አልቻልኩም ነበር። ብጸልይም ከአንገት በላይ ሆነብኝ።

ነሐሴ ላይ ማዳም ሁለተኛ ሠራተኛ አመጣች። ናጃህ ትባላለች፣ የስልጤ ልጅ ናት፤ ከአገር ከወጣች ሳምንት አልሞላትም። በሁለተኛው ቀን ትልቁን የእንግዳ ሳህን ጣለችው። ያን ጊዜ አፌ ተከፈተና "አንቺን የላከሽ ሰው ምን ነካው? ለምንም የማትሆኚ" አልኳት። አማርኛ የሚያናግረኝ ሰው አገኘሁ ያለች ልጅ፣ ከአገሯ ሰው የሰማችው የመጀመሪያው ረጅም ንግግር እሱ ሆነ። ቁርጥራጩን ትለቅም ጀመር። ቀና ብላ አላየችኝም።

አጎቴ፣ ድምፁ የእርስዎ ነበር። ቃሉም፣ አጣጣሉም። ስድስት ዓመት የጠላሁትን ነገር ይዤው እንደመጣሁ አላውቅም ነበር።

አጠገቧ ተንበርክኬ አብሬያት ለቀምኩ። "ናጃህ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔም በመጣሁ ሰሞን ሁለት ሰብሬያለሁ። አይዞሽ፣ አለሁልሽ" አልኳት። እንዲህ ብዬ መናገር እንደምችል ለራሴም ገረመኝ። ልጅቷ እጄን ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም።

የዚያን ዕለት ነው የገባኝ። እኔ ለናጃህ መጀመሪያ ያልኩትን ክፉ ቃል ከእርስዎ ካገኘሁት፣ እርስዎም ከአንድ ሰው አግኝተውታል። ክፉ ቃል እንደ ዕዳ ሲተላለፍ የቆየ ከሆነ አንዱ ጋ መቆም አለበት። እርስዎ በስልሳ አራት ዓመትዎ አቁመውታል፤ እኔም በእኔ በኩል ላቁመው። ይቅር ብዬዎታለሁ። በአፍ ብቻ እንዳይሆን ብዬ ነው የዘገየሁት። አሁን ከልቤ ነው፤ ቀሎኛል።

አንድ ሌላ ነገር። ማዳም ናጃህንም በሌላ ስም ልትጠራት ስትጀምር፣ በትሕትና "ማዳም፣ እሷ ናጃህ ናት፤ እኔም ሰብለ ነኝ" አልኳት። ስትቆጣ እጠብቅ ነበር። ግራ ገባት፤ ትንሽ ያፈረችም መሰለኝ። አሁን "ሰቢላ" ትለኛለች። ይሁን፣ ቀርቧል።

ውሌ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ያልቃል። አላሳድሰውም። በታኅሣሥ ሃያ አራት እገባለሁ፤ ትኬቱን ማዳም ራሷ ትቆርጥልኛለች። ናጃህን ብቻዋን ላለመተው፣ ዓርብ ዓርብ ከምንገናኘው ልጆች አንዷ እንድትጎበኛት ተነጋግሬያለሁ።

ልጅዎ ሰብለ


ቡታጅራ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለ፣

ስለ ሁሉ ነገር ስሙ ይባረክ፤ መንገድሽን ያቅና። ደብዳቤሽን ከጸሐፊው ተቀብዬ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ይቅር ብዬዎታለሁ የሚለው ጋ ስደርስ አጥፌ ያዝኩት። ቀና ስል ፀሐዩ ከእግሬ ላይ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ወጥቷል። ከዚያ ተነሥቼ ወደ ቤት ስሄድ ሰው ሁሉ ሰላም ሲለኝ ምን እንደሚሉ ባልሰማም ለሁሉም መለስኩ።

ለመምጣትሽ ብሎ ክፍልሽን ያሬድ ቀለም እየቀባው ነው። አልጋውን የምሠራው እኔ ነኝ፤ አትከራከሩኝ ብያቸዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ያየሁትን ልንገርሽና ልጨርስ። አሁን እንጨት ቤት እየገባሁ ከጥግ ሥራዬን እሠራለሁ። አንድ ባለ ሱቅ ያዘዘው በር ቀጠሮው ሦስት ሳምንት ስላለፈበት መጣ። ከመግቢያው ጀምሮ አፉ ተከፍቷል፤ ክንዱ ይወራጫል፤ የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ያያሉ። ይህን ነገር አውቀዋለሁ፤ በእኔ ጊዜ ቢሆን ሁለታችን ጮኸን፣ ሦስተኛ ሰው ገብቶ፣ በሩም ሳይወሰድ ቀርቶ ነበር የሚያልቀው።

ያሬድ ማሽኑን አጠፋ። የሥራ ልብሱን አራገፈና ወደ ሰውየው ቀረብ አለ። አንድ ነገር ተናገረ፤ አፉ ብዙም አልተንቀሳቀሰም። እኔ ቃሉን አልሰማሁም። ያየሁትን ግን ልንገርሽ። መጀመሪያ የሰውየው ክንድ ወረደ። ከዚያ ትከሻው ወረደ። ከዚያ ያሬድ ጎትቶ ያቀረበለትን ወንበር አየና ተቀመጠ። ጥቂት ቆይተው ሁለቱም በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ማጠፊያው የት ይሁን እያሉ በጣታቸው ሲለኩ አየኋቸው።

ሲሄድ ያሬድን ምን አልከው ብዬ ጠየቅሁት። ጣውላ ላይ ጻፈልኝ፦ "እውነትህን ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቁጭ በልና አብረን እንየው ነው ያልኩት።" ይኸው ነው። በሕይወቴ ስንት ስብከት ሰምቻለሁ፣ እኔም ሰብኬያለሁ፤ የለዘበ ቃል ምን እንደሚሠራ ያየሁት ግን ጆሮዬ ከጠፋ በኋላ ነው። "ጎበዝ ልጄ" አልኩት። ዕድሜው ሠላሳ ስድስት ነው፤ እንደ ልጅ አፈረና ማሽኑን አስነሣ።

የእኔ ችግር አሁን አንድ ብቻ ነው። የራሴን ድምፅ ስለማልሰማ መልካም ነገር ስናገር እንኳ ጮኼ ሰው አስደነግጣለሁ። ስለዚህ ከእራት በፊት ሙሉመቤት ከፊቴ ትቀመጥና እጇን ትዘረጋለች። ድምፄ ሲበዛ እጇን ዝቅ ታደርጋለች፤ ሲያንስ ከፍ ታደርጋለች። በየቀኑ የምለማመደው አንድ ቃል ነው፤ "ልጄ ሰብለ፣ እንኳን ወደ ቤትሽ መጣሽ።" ትላንት እጇ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ እስከ መጨረሻው አልኩት።

አጎትሽ ታምሩ